የእማማ እናኑ መርዶ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለያምሮት፣ ቡሬ

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? እኔ ከዳሌዬ በቀር ደህና ነኝ። ዳሌዬም ቢሆን እስከ ምሳ ሰዓት ያገለግለኛል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በሩን ይዘጋል።

የማኅበራቱ ኅብረት የአንቺ መካሪ አድርጎ ሲመድበኝ በየሳምንቱ በስልክ ታወሪያታለሽ ብሎኝ ነበር። የስልክ መስመሩ ከጠፋ ወዲህ በወረቀት መጻፍሽን ግን ወድጄዋለሁ። ሰው ሲጽፍ ከመናገሩ በፊት አንድ ጊዜ ያስባል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በዕርዳታ ሥራ ስዞር መካሪ ብሎ የመደበልኝ አልነበረም። ጥፋቴን የምትነግረኝ ጥፋቴ ራሷ ነበረች፤ እሷም ሁልጊዜ ዘግይታ ነው የምትመጣው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ተመልከቺ። እናኑ (እኩያዬ ስለሆነች አንቱ አልላትም) ባሏን ቀብራ አንድ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ሞራ ዓይኗን ከጋረደው ስድስት ዓመት ሆነው። ማኅበራችሁ ጧሪ የሌላቸውን ሰዎች ቤት ለቤት ይጠይቃል፤ እሷ ዘንድ በየሳምንቱ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። የዓይን ሐኪሞች ጥቅምት 22 ቡሬ ይገባሉ፤ አንቺም አስመዝግበሻታል። አሁን ደግሞ ልጇ ገነነ ለሰሊጥ አጨዳ በወረደበት መተማ፣ ጥቅምት 5 ቀን በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። አብሮት የሄደው ሰው ተመልሶ ለእድሩ ተናገረ። እሷ አልሰማችም። መርዶውን አሁን እንንገራት ወይስ ዓይኗ ከታከመ በኋላ ትይኛለሽ።

ለሕክምናው እሺ ያለችው ልጇን ለማየት መሆኑንም ጽፈሻል። ይቺን መሥመር ባትጽፊያት ኖሮ መልሱ በቀለለኝ።

ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት ሴት ሐኪም ቤት ልትሄድ በቅሎዋ ተጭና ቆማ ሳለ፣ እውነት አይደበቅም ብዬ የወንድሟን ሞት ነገርኳት። ጭነቱ ወረደ፣ ሴትዮዋ ለቅሶ ተቀመጠች፣ ሐኪም ቤቱ ቀረ። በሦስተኛ ወሯ እሷንም ቀበርናት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ፈሪ ነኝ። ውሳኔው የዘመዶቿና የማኅበራችሁ ነው፤ እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ቆዩ እላለሁ። ዓይኗ ይዳን። መርዶ አይጠፋም፤ ሐኪሞቹ ግን ይሄዳሉ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ የሚኒባሱ ሹፌር ናሁሰናይ ነው። መልሱንም ለእሱ ስጪው።

መካሪሽ ዙፋን


ቡሬ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትየ ዙፋን፣ ፍኖተ ሰላም

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ዳሌዎስ እንዴት ነው? መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልልዎ ሥራው እንደ ሁልጊዜው ነው። የምጽፈው ስላሳፈረኝ ነው የዘገየሁት።

በናሁሰናይ በላኩብኝ ቃል "ዓይኗ ሲገለጥ መጀመሪያ ምን አለች?" ላሉኝ፣ የቀኝ ዓይናቸው ጥቅምት 23 ተሠራ። በማግስቱ ነርሷ መሸፈኛውን ስታነሣ ፊት ለፊታቸው የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ብዙ አዩኝና "አንች ነሽ ያምሮት? ድምጥሽ እኮ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር!" አሉኝ። ቀጥለው ከትከሻዬ በላይ ወደ በሩ አዩ። "ገነነስ?" አሉ።

"አዝመራው አልተሰበሰበም፣ ለገና ይመጣል" አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደቀለለ ሳስበው ራሴን ፈራሁት።

በደስታ ዓይናቸው ዕንባ ሲያቀር ደንግጬ እጃቸውን ያዝኩ። "እማማ፣ እስከ አርባ ቀን ለምንም ነገር እንዳያለቅሱ፤ ካለቀሱ ዓይንዎ ይጠፋል" አልኳቸው። እሺ ብለው ዋጡት። ለዚህ ነው መርዶው እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ እንዲቆይ ከአያ ክንዱ ጋር የተስማማነው። አያ ክንዱ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። ከሕክምናው በፊት በነበሩት ቀናት የገነነ ዘመዶች እማማ ቤት እየመጡ ይቀመጡ ነበር። ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መሬት ላይ። ድምፅ ሳያሰሙ። ለቅሶ መድረሳቸው ነበር። እማማ አያዩም፤ "ዛሬ ሰው በዛልኝ" እያሉ ይመርቋቸው ነበር። እኔም እዚያው ተቀምጬ አይቻለሁ። ያኔ እንደ ደግነት ቆጥሬዋለሁ።

እማማ ዓይናቸው በርቶ ሊመለሱ ሲሉ አያ ክንዱ በየቤቱ እየዞሩ ጥቁሩን አስወለቁ። ሸጋዬ ግን ቸገራት። ሸጋዬ የሟቹ አክስት፣ የእማማ የባላቸው እኅት ናት፤ ውኃ የምትቀዳላቸውም እሷ ናት። "ያለችኝ አንዲት ቀሚስ ናት፤ ጥቁር ነክሬያታለሁ። ምን ልልበስ?" አለችኝ። ታምሜያለሁ ብላ ቤቷ ከተኛች ሦስት ቀኗ ነው። እማማ "ሸጋዬን ምን ነካብኝ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ምን ላድርግ?

ልጅዎ ያምሮት


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያምሮትየ፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፌስታል የተጠቀለለ ቀሚስ አለ። ነጭ ነው፣ አረንጓዴ ጥለት አለው። የልጄ ሠርግ ላይ ለብሼዋለሁ፤ አሁን አይበቃኝም። ለሸጋዬ ስጪያት። ፀጉሯንም ተቆርጣው እንደሆን በሻሽ ጠቅልላ ትሂድ።

በሕይወቴ ብዙ ልብስ አድያለሁ። ሐዘን ለመደበቅ ልብስ ስልክ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስጠቀልለው ደስ አላለኝም። ያም ሆኖ ልኬዋለሁ። የጀመርነውን አሁን መሐል ላይ ብንጥለው የባሰ ይሆናል ብዬ።

ስለዚያ ጸጥ ያለ ለቅሶ የጻፍሽውን አንብቤ ከቤት ወጥቼ ደጅ ትንሽ ቆምኩ። አንቺን ብቻ አልወቅስም። ቆዩ ያልኩ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ጠይቄሽ አልፋለሁ። አርባ ቀን አታልቅስ ያለው ማን ነው? ስሙን ጻፊልኝ። ሐኪሙ ነው? ነርሷ ናት? በወረቀት የሰጧችሁ መመሪያ ካለ ቃል በቃል ገልብጪልኝ።

ኅብረቱ በየወሩ የሚልክልኝ የመካሪነት ቅጽ ደርሶኛል። "በተመካሪዋ ላይ የታየ ለውጥ" የሚል ሣጥን አለው። ባዶውን ትቼዋለሁ።

ዙፋን


ቡሬ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትየ ዙፋን፣

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ቀሚሱ ደርሷል። ለሸጋዬ ልክክ ብሎላታል። እማማ ጥለቱን እየዳሰሱ "እንዲህ ያለ ቀለም ረስቸው ነበር" አሉ። ሸጋዬ እንስራውን አንሥታ ቶሎ ወጣች።

ስሙን ጻፊልኝ ላሉኝ፣ ስም የለኝም። ማን እንዳለ ሁሉንም ጠየቅሁ። አያ ክንዱ "ድሮም የታወቀ ነው" አሉ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ከእድሩ ሰማሁ አሉ፣ እድሩ ደግሞ ከማኅበሩ ሰማን አለ። ነርሷ የሰጠችን ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ዓይንን አለማሸት፤ ውኃ፣ አቧራና ጭስ አለማስነካት፤ ከባድ ነገር አለማንሣት፤ ጠብታውን በቀን አራት ጊዜ ማድረግ። ስለ ዕንባ የሚል የለም። ግን ዕንባም ውኃ አይደል? እኛ እንደዚያ ነው ያሰብነው።

ነርሷን ለምን አልጠየቅሽም ይሉኛል። የዚያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር፤ የማውቀውን ነገር መጠየቅ ሰው ማሰልቸት መሰለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እትየ ዙፋን፣ እኔ እዚያ ቤት መሄድ አቅቶኛል። በሄድኩ ቁጥር "ከገነነ ወሬ አለ?" ይሉኛል፤ እኔም "ሰላም ብሎዎታል" እላለሁ። ትናንት ደግሞ ጋቢ ሰጡኝ። ጥጡን ዓይናቸው ሳያይ በእጃቸው እየዳበሱ የፈተሉት ነው። "ቆላ ቢሆንም ንጋት ላይ ይበርዳል፤ ለሚወርድ ሰው ስጭልኝ" አሉኝ። ተቀብዬ ወጣሁ። ቢሮ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሥራ ስገባ አየዋለሁ፣ ስወጣም አየዋለሁ።

ለእማማ ሌላ ጠያቂ ቢመደብላቸው ብዬ ለሊቀመንበሩ ላመለክት ነው። እርስዎ ፈቃድዎ ከሆነ።

ልጅዎ ያምሮት


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያምሮት ልጄ፣

ፈቃዴ አይደለም። የዋሸሽ አንቺ፣ የምትነግሪውም አንቺ። ሌላ ሰው ልከሽ አንቺ ብትቀሪ ይህ ነገር ዕድሜሽን ሙሉ ይከተልሻል። በዚህ ሥራም ሁለተኛ የሰው ቤት በነጻነት አትገቢም።

አሁን ደግሞ የእኔን ስሚ። የጎረቤቴ ልጅ ሀኒ የዓይን ነርስ ናት፤ አሥር ዓመት ሠርታበታለች። ዛሬ ጠዋት እግሬን በምርኩዝ እየጎተትኩ ቤቷ ሄጄ ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ። ዕንባ ዓይን አያጠፋም አለችኝ። ማሸት ነው የሚጎዳው፣ የቆሸሸ ጨርቅ ነው፣ የቆሸሸ እጅ ነው። በንጹሕ ነገር ጉንጯን እየጠረገች ብታለቅስ ምንም አትሆንም ነበር አለችኝ። እንዲሁ ነው የነገረችኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

እናንተ ጠያቂ አጣችሁ። እኔስ? ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ መካሪ፣ ነርስ አጠገቤ እየኖረች፣ ቀሚስ ጠቅልዬ ከመላኬ በፊት አንድ አጥር ተሻግሬ መጠየቅ አቃተኝ። ስለፈራሁ መቆየቱ ተስማማኝ፤ የሚስማማኝን ደግሞ አልመረመርኩም። አጥፍቻለሁ ያምሮት። ይህን በቅጹ ላይም እጽፈዋለሁ። ሣጥን ከጠፋለት በጀርባው እጽፈዋለሁ።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ንገሪያት። አያ ክንዱን፣ የንስሐ አባቷንና ሸጋዬን ይዘሽ በጠዋት ሂጂ። ልጁ የሞተበትን ቀን አትሸሽጊያት። ብትቆጣሽ ቁጣው የአንቺ ነው፤ ተቀበዪው።

ዙፋን

ኅዳር 16። መንገዱ ተዘግቷል። ናሁሰናይ መናኸሪያ ደርሶ ደብዳቤውን መልሶልኛል።

ኅዳር 20። አሁንም እኔው ዘንድ ነው። በእግሩ የሚመጣ ነጋዴ ፈለግሁ፣ አጣሁ። እግሬ ደህና ቢሆን ኖሮ እኔው እመጣ ነበር።

ኅዳር 23። ናሁሰናይ ዛሬ ይንቀሳቀሳል። ቶሎ ሂጂ ልጄ።


ቡሬ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትየ ዙፋን፣

ደብዳቤዎ ኅዳር 23 ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። ናሁሰናይ ፖስታውን ሲሰጠኝ ዘገየሁ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እሱ ምን አጠፋ። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ዕንባ ዓይን አያጠፋም የሚለው ላይ ስደርስ የመናኸሪያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ በጠዋት አያ ክንዱ፣ የንስሐ አባታቸው ቄስ ክንፈሚካኤል፣ ሸጋዬና እኔ ሆነን ሄድን። ጋቢውንም ይዤው ነበር። እንዴት ተቀበለቻችሁ እንደሚሉኝ አውቃለሁና ምንም ሳልቀንስ እጽፍልዎታለሁ።

እማማ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከሩቅ አዩን። አራት ሆነን፣ በዚያ ሰዓት፣ ቄስ ይዘን ስንመጣ እያዩ አልተነሡም። ገብተን ተቀመጥን። አያ ክንዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው "እናኑ" ብለው ሲጀምሩ "ተወው አያ ክንዱ፣ ሰምቻለሁ" አሉ።

የሰሙት ኅዳር 12 በሚካኤል ነው። ብቻቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ስድስት ዓመት ሰው እጃቸውን ይዞ ሲያወጣቸው ስለኖረ፣ የሚያይ ሰው ሲሻው ተነሥቶ እንደሚወጣ ማናችንም አላሰብንም። ቤታቸውን ጠበቅን፣ አፋችንን ጠበቅን፤ መንገዱን ማን ያስበው። ከማዶ ደብር የመጣች ሴት አቅፋ ሳመቻቸውና "እግዜር ያጥናሽ እናኑ፤ የገነነ ነገር አንጀቴን በላው" አለቻቸው። ቀኑንም የነገረቻቸው እሷ ናት።

አሥራ ሁለት ቀን፣ እትየ ዙፋን። አሥራ ሁለት ቀን ብቻቸውን ይዘውት ተቀመጡ። እኔ በመሐሉ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ኅዳር 14 ስደርስ ባዶ መሶብ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸው። "ምን ይዘው ሄደው ነው?" ብላቸው "ዳቦ ነበር፤ ለነዳያን" አሉኝ። የልጃቸው አርባ ነበር። ሸጋዬና ዘመዶቹ የዚያኑ ቀን በሌላ ደብር ከእሳቸው ተደብቀው ፍትሐት አስደርሰዋል። እሳቸው ደግሞ ከእኛ ተደብቀው ያቅማቸውን አወጡ። እኔ አርባው መሆኑ ትዝ አላለኝም። እዚያው መንገድ ላይ "ገነነ ሰላም ብሎዎታል" አልኳቸው። "እግዜር ይስጥሽ ልጀ" ብለውኝ አለፉ።

"እማማ፣ ከሰሙ እንዴት አላለቀሱም?" አልኳቸው።

"እንዳታለቅሽ አላልሽኝም? ለዚህ ዓይን የሮጥሽው አንች ነሽ። ድካምሽን ውኃ ላስበላው?"

ከፊታቸው ተንበርክኬ ነገርኳቸው። አታልቅሱ ያለ ሐኪም እንዳልነበረ፣ እኛው በግምት እንዳልነው፣ እኔ ነርሷን እንዳልጠየቅኋት፣ ዕንባ ምንም እንደማያደርግ።

"ማልቀስ እችል ነበር?" አሉ።

"አዎ፣ እማማ።"

"ያን ቀን በሚካኤልም?"

"ያን ቀንም። ከዚያ በፊትም።"

ሸጋዬ ሻሿን አውልቃ የተቆረጠ ፀጉሯን አሳየቻቸው። የላኩላት ቀሚስ ደረቱ ላይ ተቀድዷል፤ እሷው ቀደደችው። ለእሱም ይቅርታ ያድርጉልን።

አያ ክንዱ ከኪሳቸው የገነነን መታወቂያ አወጡ። አብሮት የሄደው ሰው ነው ያመጣው። እማማ ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። አቀረቡት፣ አራቁት።

"ይሄ ማነው?" አሉ።

ዓይናቸው ሲጠፋ ገነነ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሲሞት ሃያ አንድ ሞልቶታል። አያ ክንዱ አቀረቀሩ። ቄሱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔን ጠብቀው ነው።

"ገነነ ነው፣ እማማ። ልጅዎ ነው። መተማ ላይ በወባ ሞቷል፤ ጥቅምት አምስት ቀን" አልኳቸው። በአፌ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ለእርስዎ እንኳ የነገርኩት በወረቀት ነው።

"ጢም አውጥቶ ነበር እንዴ" አሉ እማማ። ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑና መታወቂያውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ሸጋዬ ጉንጫቸውን በንጹሕ ነጠላ ስትጠርግ "ዓይኔን ስገልጠው የማላውቀው ሰው ነው፤ ስጨፍነው ነው ልጀ የሚመጣልኝ" ይሏት ነበር።

ጋቢውን ለቄስ ክንፈሚካኤል እንድሰጥ አዘዙኝ፤ ሰጠሁ። ሰው ሲሰማ መጣ፣ ለቅሶው ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጠ፣ ሁሉም ጥቁሩን መልሶ ለበሰ። እኔም ውኃ እየቀዳሁ አብሬ ዋልኩ። አንድም ሰው ክፉ አልተናገረኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር፤ በጣም ነው ያዘንኩት፣ እትየ ዙፋን። ሥራውን ትቀጥያለሽ ወይ ብለው በናሁሰናይ ለላኩብኝ ጥያቄ በሚቀጥለው ደብዳቤ እመልስልዎታለሁ።

ዓይናቸው ደህና ነው። ሀኒ እንዳለችው ምንም አልሆነም። ለሸጋዬ ይገልጡታል፣ ለአያ ክንዱም ይገልጡታል። እኔ ከደጅ "እንደምን ዋሉ" ስል ግን ይጨፍኑታል፤ ተነሥቼ እስክወጣም አይገልጡትም። እንዳያዩኝ ይሁን፣ ወይም እንደ ድሮው በድምፄ ሊያውቁኝ ፈልገው፣ አላወቅሁም። ሸጋዬን ልጠይቃት ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ነገ ሄጄ እሳቸውኑ እጠይቃቸዋለሁ። የትኛውንም ቢሉኝ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ያምሮት